ቆሜ የተቀበልኩት ጽዋ

ከደሴ ልንነሣ ስንል እናቴ ለወንድሜ ስንቅ፣ ለእኔ መልእክት አስያዘች። ስንቁ ጭኮና በሶ ነበር፤ ወንድሜ ከብስክሌቱ ኋላ በላስቲክ አጥብቆ አሰረው። መልእክቱን ደግሞ እንደ ዳዊት አስደገመችኝ።

«ሃያ አንድን እንዳታሳልፉ። ለማኅበሩ ድረሺ፤ ገብተሽ ተሳለሚ። ከዚያ ‹እናቴ ዘንድሮ መደገስ አልቻለችም፤ ቦታዋን ግን አትዝጉባት ብላችኋለች› በያቸው። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

ማኅበሩ ላሊበላ፣ እኔ ባደግኩበት ሰፈር ያለ የማርያም ማኅበር ነው። በየወሩ በሃያ አንድ ከአባላቱ በአንዱ ቤት ይደገሳል፤ ዓመቱ ሲዞር ለሁሉም ይደርሳል። አባቴ ወጥ ቤት ይሠራበት የነበረው ሆቴል እንግዳ ጠፍቶ ሲዘጋ እኛ ወደ ደሴ ወጣን። የእናቴ ቦታ ግን ሳይዘጋ ቆየ። ተራዋ በደረሰ ቁጥር አንዲት ጎረቤታችን በእናቴ ስም ይደግሱላት ነበር። አሁን እሳቸው አርጅተዋል። ማኅበረተኞቹም «የሚመጣው ወር ተራሽ ነው፤ ወይ ነይና ደግሺ፣ ወይ ቦታውን ለመግባት ተራ ለሚጠብቅ ሰው እንስጠው» ብለው ላኩባት።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ላሊበላ ውስጥ የምትደግስበት ቤትም የላትም። «ሰው ሲያዝንልኝ ማየት አልፈልግም» ትላለች። ቦታዋ እንዲዘጋ ግን ጨርሶ አትወድም። አንድ ቀን ስንዴ እየለቀመች «እዚያ ዘመዶቼ አልቀዋል፤ ቤት የለኝ፣ መሬት የለኝ። በወር አንዴ ስሜ ሲጠራ ግን አለሁ» ስትል ሰምቻታለሁ። ስለዚህ የያዝኩት ነገር ቀላል እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ጉዞው የወንድሜ ሐሳብ ነበር። ደሴ ውስጥ ብስክሌት ይጠግናል፤ ከደሴ ተነሥቶ በደላንታና በጋሸና አድርጎ ባሕር ዳር ድረስ በብስክሌት መሄድ የቆየ ምኞቱ ነው። እኔ የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የመንፈቁ ፈተና እንዳለቀ ለዕረፍት መጣሁና ተከተልኩት። የእኔን ብስክሌት ከተለያዩ አሮጌ ብስክሌቶች አጋጥሞ የሠራው እሱ ነው። ላሊበላ ከመንገዳችን ወጣ ያለች ብትሆንም ለእናቴ ስንል ገባንበት።

ኩታበርን ስናልፍ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ጄሪካናቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «አንቺ! አንቺ ነሽ የምትነጂው ወይስ እሱ ነው የሚነዳሽ?» አለች አንዷ። መልስ ሳስብ አለፍኳቸው። እኔ ሁልጊዜ መልስ የማገኘው ካለፍኩ በኋላ ነው።

እስከ በሽሎ ወንዝ ድረስ ቁልቁለት ነው። ፍሬን ይዤ እጄ ደነዘዘ። ሸለቆው ሥር ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነበር። አህያ ላይ ቲማቲም የሚጭን ሰውዬ ዳገቱን አሻቅቤ ሳይ አየኝና ሳቀብኝ። «አብሽሪ እህቴ፣ ወላሂ ዳገቱ ጥሎሽ አይሄድም። ቀስ እያልሽ ውጪው።» ከዚያ በኋላ በደከመኝ ቁጥር ወንድሜ የሰውዬውን ድምፅ አስመስሎ «ዳገቱ ጥሎሽ አይሄድም» ይለኝ ነበር። እውነትም አልሄደም። አብዛኛውን ብስክሌቱን እየገፋሁ ወጣሁት።

ደላንታ ሜዳ ላይ ያስቸገረን ነፋስ ነው። ፊት ለፊት ሲመጣ ሜዳውም ዳገት ይሆናል። ወገል ጤና ገበያ ቀን ደረስንና ከእህል ነጋዴዎች መሀል ብስክሌታችንን እየገፋን አለፍን፤ አንድ ሽማግሌ «ይህ ነገር ገብስ ይበላል?» ብለው ጠየቁን። ወንድሜ «ጭኮ ነው የሚበላው፣ አባቴ» አላቸው። ወገል ጤና አደርን።

በማግስቱ ሌላ ገደል ወርደን ስንወጣ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ወንድሜ ከመነዳሪውን አውጥቶ ለጠፈው፤ ትንሽ ሄደን እንደገና ተነፈሰ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፤ ነገ ሃያ አንድ ነው። እኔ መንገድ ዳር ተቀምጬ የእናቴን መልእክት በልቤ እደግማለሁ።

«ከንፈርሽ ምን ይላል?» አለኝ ወንድሜ ቀና ሳይል።

«እያጠናሁ ነው።»

«አንድ ዓረፍተ ነገር ነው እኮ!»

«ትልልቅ ሰዎች ፊት ነው የምናገረው።»

«ተማሪዋ፣ ፈተና አይደለም። መንፊያውን አቀብዪኝ።»

ጋሸና የደረስነው ከመጨላለሙ በፊት ነው። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ጠዋት መገንጠያው ላይ ረዳቶች «ፍላቂት! ፍላቂት!» ይጣራሉ። ወንድሜ ቆመና በአገጩ ወደ ምዕራብ አመለከተ። «በዚህ ብንታጠፍ አንድ ቀን እናተርፋለን።»

«እማን አንተ ትነግራታለህ።»

«ነዪ እንሂድ» አለና ወደ ላሊበላ መንገድ ቀደመኝ።

ከደጋው እየወረድን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ብዙም አልደከመንም። ከዚያ ወዲያ ያለው ወደ ከተማው የሚያወጣው ዳገት ግን ያለ የሌለ ጉልበቴን ጨረሰው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጎን ለጎን እየሄደ «ልጎትትሽ?» እያለ አሾፈብኝ። የልጅነት ከተማዬን ያየሁት በላብ በተሞላ ዓይን ነው። በኖርኩባት ጊዜ ሁሉ እዚህ ብስክሌት የሚነዳ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። መንገዷ ሁሉ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ስለሆነ መሆን አለበት። አንዳንዶቹ ሆቴሎች በራቸው ላይ ሣር በቅሏል፤ አንዳንዶቹ ተከፍተው ግድግዳቸውን ቀለም ይቀባሉ። አንድ ወጣት አስጎብኚ ከሩቅ አይቶን «ሄሎ! ሄሎ!» እያለ ሮጦ መጣ። ወንድሜ በላስታ ቅላጼ «እንደምን ዋልክ ጃል» ሲለው ልጁ ቆመ። «ውይ፣ የኛው ናችሁ ለካ! በከንቱ አስሮጣችሁኝ።»

ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው ኮረኮንች ከማስታውሰው ያጠረ ሆኖ አገኘሁት። በእናቴ ስም ሲደግሱ የኖሩት ጎረቤታችን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከበራቸው እየወጡ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ ነው የምላቸው።

«ማናችሁ?» አሉ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እኔ ማ?»

የእናቴን ስም ጠራሁላቸው።

«ውይ በሞትኩት! ያቺ አመዳም ናት እንዲህ የረዘመችው? ምነው ሱሪ ለበስሽ፣ ወታደር ሆንሽ?»

«ብስክሌት ለመንዳት ነው።»

«ከደሴ? በዚህ?» ጎማውን በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉት። «መኪና ጠፍቶ ነው?»

«መኪናስ ሞልቷል፤ የጠፋው ልብ ነው» አለ ወንድሜ።

«አንተስ እንደ አባትህ ነህ» አሉና ደግመው ደጋግመው ሳሙን። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሰው ሌላ ነጠላ አመጡና ሱሪዬን እስኪሸፍን ድረስ አለበሱኝ። «በይ ነዪ፣ ጀምረዋል።»

የዚያ ወር ድግስ በማኅበሩ ሙሴ ቤት ነበር። ሙሴ የሚባሉት ማኅበሩን የሚመሩት ሰው ናቸው፤ የእኛዎቹ ሙሴ በድንጋይ ጠራቢነት ያረጁ፣ እጃቸው ሰፋፊ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ገብቼ ተሳለምኩ። ሙሴው እጄን ይዘው «እናትሽ ናት የላከችሽ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ እሷ ናት።»

«እሰየው! እሰየው!» አሉና ልቀጥል አፌን ስከፍት ቄሱ ለጸሎት ተነሡ። ሁሉም ቆመ፤ እኔም ቆምኩ።

ከጸሎቱ በኋላ እትዬ ከምሰሶው ሥር ያለውን ቦታ አሳዩኝ። «እናትሽ የምትቀመጥበት ነው፤ ተቀመጪ።» ወንድሜ በሩ አጠገብ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። አንዲት ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት መሶብ ይዛ ዳቦ ታሳልፋለች። እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አየሻት? እናንተ በኪራይ የነበራችሁበትን ቤት የተከራየችው እሷ ናት። የእናትሽን ቦታ የምትጠብቀውም እሷው ናት፤ እስክትገባ ድረስ እንዲህ ታሳልፋለች።» ሴትዮዋን ላለመውደድ ተዘጋጅቼ አየኋት። እሷ ግን ከዳቦው ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ሰጠችኝና «መንገድ አድክሞሻል፣ ብዪ» ብላ አለፈች።

መልእክቴን የምናገርበት ቦታ ጠፋኝ። ቄሱ አነበቡ። ከዚያ ስለ ዘንድሮው ገብስ ተወራ። ከዚያ አንድ ሰውዬ በላም ስለ መካሰሱ ረጅም ታሪክ አወጋ። ወደ እትዬ ዘወር ባልኩ ቁጥር «ቆይ፣ ትልቅ ሰው ይጨርስ» ይሉኛል። ጠላውም ከወዲያኛው ጫፍ ስለተጀመረ እኔ ጋ ገና አልደረሰም። ደረቅ ዳቦ በልቼ ጉሮሮዬ ተጣብቋል።

በዚህ መሀል ሙሴው በሸክላ ጽዋ ጠላ ቀዱ። ቄሱ ባረኩት። ሙሴው ጽዋውን ይዘው ቀስ ብለው እኔ ፊት መጥተው ቆሙና «እንኪ ልጄ» አሉኝ።

በልጅነታችን ዳቦ ተሰጥቶን «በሉ ውጡ» እንባል ስለነበር የማኅበሩን መጨረሻ አይቼ አላውቅም። ጽዋውን ቆሞ ተቀብሎ የሚጠጣ ሰው የሚመጣው ወር ደጋሽ መሆኑን፣ ጽዋውንም ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ የነገረኝ የለም። እኔ የማውቀው ትልቅ ሰው ሲሰጥ ቁጭ ብሎ አለመቀበልን ነው። ብድግ አልኩ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ተጠምቼ ስለነበር እስከ አተላው ጠጣሁት።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። «ቤቷን ያጽናላት!» «ለከርሞ ያድርሳት!» እትዬ ያለቅሳሉ። አንዲት ሴት ጉንጬን ሳመችኝ። ወንድሜን ሳየው በሩ ሥር አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ያኔ አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ፤ እልልታው ጋብ ሲል፣ ጽዋውን እንደያዝኩ፣ ያጠናሁትን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩት።

እትዬ ለቅሷቸውን አቋረጡ።

«ታዲያ ለምን ጠጣሽው?» አለ የላሟ ባለቤት።

«ውኃ ጠምቶኝ ነበር።»

«ልጅ ናት፤ አታውቅም። ጽዋው ይመለስ» አለ ሌላው።

«የት አገር ነው ጽዋ ሲመለስ ያየኸው?» አለችው የሳመችኝ ሴት።

ቄሱ ጢማቸውን እየነካኩ «ጽዋውስ ይመለስ፤ የጠጣችውን እንዴት አድርጋ ልትመልሰው ነው?» ሲሉ ከወዲያ ወዲህ ሳቅ ተሰማ። ሙሴው ግን አልሳቁም። አጠገቤ ተቀመጡና ቀስ ብለው አስረዱኝ። «ጽዋው ሳይነሣ ተናግረሽ ቢሆን ዘንድሮ ይለፋት እንል ነበር። አሁን ተነሣ። እናትሽ ከደገሰች ቦታዋ ቦታዋ ነው። ካልደገሰች ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ በአማላጅም አይከፈትም። ፍርዱ የእኔ አይደለም፤ ከአባቶቻችን የመጣ ነው።»

እናቴ የላከችኝ ቦታዋን እንዳስጠብቅላት ነበር። «ምን ላድርግ አባባ?» አልኩ።

«ምን ታደርጊያለሽ! ቃሏን ከአፏ እንስማ። ደውዪላት።»

ወንድሜ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ መሀል ላይ አስቀመጠው። እናቴ ስታነሣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሰላም ሊላት ስለጮኸ መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። በኋላ ሙሴው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙና ለእኔ ተዉልኝ። የሆነውን ነገርኳት።

አንድ በአንድ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ቆመሽ ነው የተቀበልሽ ወይስ ተቀምጠሽ?»

«ቆሜ።»

«በአንድ እጅሽ ወይስ በሁለት?»

«በሁለት እጄ፣ እማ።»

«ጠጣሽለት?»

«ጨረስኩት።»

«አዬ፣ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፤ ማንን እከሳለሁ?» አለች። ቤቱ ሳቀ፤ እሷ ግን ወዲያው አልሳቀችም። «እሺ» አለች በኋላ። «ያለ ማርያም ፈቃድ አይሆንም። እደግሳለሁ።»

«ጉልበትሽስ?» አልኳት።

«ጉልበቴም ከእኔ ጋር መኪና ይሳፈራል፤ ለብቻው አያስከፍሉትም። እትዬ አሉ እዚያ? ጌሾ ገበያ ላይ አለ ወይ በያቸው፣ ዘንድሮ ጥሩ ነው?»

እትዬ ስልኩን እንደ ጉድጓድ አጎንብሰው እያዩ «አለ! ብዙ አለ!» ብለው ጮኹ።

«የትኛው ቤት ነው የምትደግሺው?» አሉ ሙሴው። ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። እትዬ «እኔ ቤት» ሊሉ ጀመሩና የጣሪያቸው ቆርቆሮ ተገንጥሎ አዳራቸው ጓዳ መሆኑን ራሳቸው አስታወሱ።

መሶቡን የያዘችው ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «እኔ ቤት ትደግስ» አለች። «ቤቱ እንደሁ ያው የድሮ ቤቷ ነው።»

ሙሴው ወደ እሷ ዞሩ። «ቦታውን አንቺ አይደለሽም የምትጠብቂው?»

«እኔማ ሌላ ሰው ሲሞት እገባለሁ።»

ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። የላሟ ባለቤት ሊስል ጀምሮ የነበረውን ሳል መልሶ ዋጠው። «ማናችንን ብታዪ ነው? እኔ ጉንፋን ነው ያለብኝ፤ ሌላ በሽታ የለብኝም» አለ። ያኔ ቄሱም፣ ሙሴውም፣ ስልኩ ውስጥ ያለችው እናቴም ሳቁ።

ጽዋውን በነጠላ ሸፍነው አስያዙኝና እየዘመሩ ወደ ድሮው ቤታችን ሸኙኝ። እኔ በዝግታ ከፊት እሄዳለሁ፤ ወንድሜ ሁለቱን ብስክሌቶች በግራና በቀኝ ይዞ ከኋላ ይከተላል። ክቡ የድንጋይ ቤት፣ በውጭ በኩል ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ፣ ሁሉም አለ። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ግድግዳው ሰማያዊ ተቀብቷል፤ የእኔ መኝታ የነበረበት ቦታ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ተቀምጧል። ሰዎቹ ባርከው ሲበተኑ እኔና ሴትዮዋ ጽዋውን የምናስቀምጥበት ንጹሕ ቦታ ፈለግን። ከስፌት መኪናው በላይ ያለችውን መደርደሪያ ጠርጋ አስቀመጠችው።

«ቦታውን ትፈልጊው አልነበረም?» አልኳት።

«እፈልገዋለሁ እንጂ።» የተረፈውን ጨርቅ ታጥፋለች። «እኔ ዋድላ ነው አገሬ። እዚያ ማኅበር ነበረኝ። ወጥቼ በዓመቱ ቦታዬን ዘጉት።»

ራት አብረን በላን። አልጋዋን ለእኔ ለቀቀችልኝ፤ እምቢ ብልም አልሰማችኝም።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ወደ ጋሸና ተመለስን። ቁልቁለቱን ስንወርድ ባጃጁ የለም፤ አየር ብቻ ፊቴን ይመታዋል። ከዚያ ፍላቂት፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅም መንገድ። ብዙ ነገር አየን፤ ወንድሜም ጎማዬን በየመንገዱ ለጠፈ። ግን ፔዳሉን ስመታ አብዛኛውን ጊዜ የማስበው ስለ ጥንስስና ስለ ብቅል፣ መኪና ስለሚሳፈረው የእናቴ ጉልበት ነበር። ባሕር ዳር ስንደርስ ደወልን። አባቴ አነሣ። «የለችም። ብቅል አዝላ ሄደች» አለን።

በቀጣዩ ወር በሃያ አንድ እኔ ግቢ ተመልሼ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ልቤ ትምህርቱ ላይ አልነበረም። የከሰዓቱ ትምህርት እንዳለቀ ዛፍ ሥር ሄጄ ደወልኩ። ያነሣችው ሴትዮዋ ናት፤ ከጀርባዋ የሰው ድምፅ፣ የዕቃ ኳኳታ፣ የእትዬ ሳቅ ይሰማል። «ቆይ፣ ተረኛዋን ላቅርብልሽ» አለችኝ።

እናቴ እየተነፈሰች መጣች።

«እንዴት ሆነ፣ እማ?» አልኳት።

«ዳቦው ጥሩ ነው አሉ። ጠላሽ ግን ቀጥኗል አሉኝ።»

«ከፋሽ?»

«ለምን ይከፋኛል? ከርሞ አወፍረዋለሁ አልኳቸው። በይ ቻው፣ ሙሴው ጽዋውን ሊያነሡ ነው፤ ተረኛውን ልሸኝ።»